ሦስት ሞተርና አንድ ግራ እጅ

ሞተር ምንጣፍ ላይ ቆሞ ሳይ ያመኛል። የሞተር ወጉ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ላይ መቆም ነው። እነዚህ ግን ቀይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ከላይ መብራት ለቀውባቸው፣ ሙሽራ የሚያስወጡ ነው የሚመስሉት። ግድግዳው ላይ አንድ ጎረምሳ ሞተር አጋድሞ ኩርባ ሲዞር የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ልጁ ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ ብሏል። ኩርባ ላይ ፈገግ የሚል ሞተረኛ በዕድሜዬ አላየሁም። ካለም አጥንት ጠጋኝ ጋ ነው የሚገኘው።

ሻጩ ሽቶው ቀድሞት መጣ። ጫማው ሹል፣ ሱሪው ጠባብ፣ እጁ ከሕፃን እጅ የለሰለሰ ነው።

"እንኳን ደህና መጡ አባባ! ራቁት ሞተሮቻችንን ሊያዩ ነው?"

"ምን አልክ?"

"ራቁት ነው የምንላቸው። ከላይ ምንም ሽፋን የላቸውም፤ ሞተሩም፣ ቱቦውም፣ ሁሉ ነገራቸው ውጭ ነው። አሁን የሚፈለገው እሱ ነው።"

እኔ መንዳት ስጀምር ሁሉም ሞተር ራቁቱን ነበር፤ ስም ያወጣለት ግን አልነበረም። በኋላ ፕላስቲክ አለበሷቸው። አሁን ደግሞ ፕላስቲኩን ገፈው፣ ለገፈፉበት ያስከፍላሉ። ይሄን ልነግረው አፌን ስከፍት ልጄ ክርኔን ጎሸም አደረገችኝ።

ልጄን ሚስማር ነው የምንላት። ሌላ ስም አላት፤ ግን ቀጭን ናት፣ ትዋጋለች፣ አንዴ የገባችበትን ነገር ደግሞ ነቅሎ የሚያወጣት የለም። ሥራዋ ሊፍት መጠገን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከፎቅ ፎቅ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች። ባለፈው ሰሞን ቤት መጥታ፣ "አባዬ፣ ሞተር ልገዛ ነው። ጉልበተኛ የሆነ፣ ራቁት የሚሉት ዓይነት። ሦስት መርጫለሁ፣ አንተ አወዳድርልኝ" አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት "አንቺን ነው ደግሞ ሞተር ላይ? ላንቺ ብስክሌትም ይበዛብሻል!" ብዬ አንቋሸሽኳት።

ይሄን ለሰው ማስረዳት ይከብዳል። በእኛ ቤት የሚፈለግ ነገር አይመሰገንም። ጣጣው የመጣው ከባለቤቴ ነው። ባለቤቴ የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ከጅምላ ሻጮች ስትገዛ ልቧ የከጀለውን ጣቃ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አንስታ፣ "ይሄን ደግሞ መጋረጃ ያለው ማነው? ወለል ልወልውልበት?" ትላለች። የማትፈልገውን ግን "ውይ ሲያምር! እጃችሁ ይባረክ" ብላ ዳብሳው ታልፋለች። ይሄ የገበያ ብልሃት ተከትሏት ቤት ገባና በዚያው ቀረ። ምግቡ የጣፈጠ ቀን "ማነው ያበላሸው ይሄን?" እያልን እንጨምራለን። ሚስማር የተመረቀች ዕለት እናቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ "የማትረቢ! የማትረቢ!" እያለች አነባች። አንድ ጊዜ ሚስማር ጓደኛዋን አምጥታ አስተዋወቀችን፤ ባለቤቴ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው" አለችው። ልጁ ደረቱን ነፍቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ቤታችን ደጃፍ አልደረሰም።

እንግዲህ የእኔን ጉዳት ለማወቅ ይሄን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የደም ባንክ ሞተረኛ ነበርኩ። የበረዶ ሳጥን ከኋላዬ አስሬ፣ ደም ጭኜ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስበር ኖርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን አሸንዳ ላጸዳ መሰላል ወጥቼ ወደቅሁ፤ የግራ እጄ አንጓ ደቀቀ። አጥንቱን ገጠሙት፣ ነርቩ ግን እሺ አላለም። እጄ ይጨብጣል፣ አይጠብቅም። የድሮ ሞተሬን ባለቤቴ ሸጠችው። ለገዢው በር ላይ ቆማ "በጣም ጥሩ ሞተር ነው" ስትለው ከውስጥ ሰማሁ፤ በቃ፣ እንደተቆረጠለት ያን ጊዜ ገባኝ።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከወደቅሁ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚሰድበኝ ጠፋ። ባለቤቴ "ጎበዝ! ሸሚዝህን ራስህ ቆለፍክ" ትለኛለች። እጄን የምታሻሸው የሕክምና ባለሙያ የላስቲክ ኳስ ሰጥታኝ፣ በጨመቅሁ ቁጥር "በርቱ አባባ፣ ግሩም ነው!" እያለች ታጨበጭባለች፤ ኳስ ለጨመቀ ሰው ጭብጨባ! ሚስማር እንኳ፣ ያቺ ምላሷ ሳንቲም የሚቆርጥ ልጅ፣ ስልክ ደውላ "ጎበዝ አባዬ" ማለት ጀመረች። ዳብሰው ከሚያልፏቸው ጣቃዎች ጋር ተደረደርኩ ማለት ነው። ሆድ ይብሳል። ስለዚህ ሞተር ልገዛ ነው ስትለኝ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፤ እሷ ሥራ ላይ በሆነች ቀን ሞተሩን ወስጄ የከተማውን ዳርቻ አንድ ዙር መዞር። እሱን ከቻልኩ ተመልሰው ሰው ያደርጉኛል። ካልቻልኩ ግን በየቀኑ እየተመሰገንኩ እሞታለሁ።

የመጀመሪያው ሞተር አረንጓዴ ነበር። ፊቱ የተቆጣ አንበጣ ነው።

"አራት ሲሊንደር ነው" አለ ሻጩ። "ጉልበቱን ቢያዩ፣ ከመቶ በላይ ፈረስ!"

"ምን ታበላቸዋለህ?" አልኩት።

ሳቀ። ሻጭ ሲስቅ ዓይኑ አይስቅም። መሪው መሐል ያለውን ስክሪን አበራልኝ። ስክሪኑ ስልክ ይቀበላል፣ መንገድ ይመራል፣ ሙዚቃ ይለውጣል፤ ሞተሩን የሚነዳው ሰው ብቻ ነው የቀረው። "ዝናብ ሲሆን ደግሞ ይቺን ይጫናሉ፣ ጉልበቱን ራሱ ይቀንስልዎታል" አለኝ። እኛ ዝናብ ሲሆን እጃችንን ነበር የምንቀንሰው። ቁልፍ ካልተጫነ ዝናብ መኖሩን ለማያውቅ ሰው ጉልበተኛ ሞተር መሸጥ ወንጀል ነው።

ከኋላ ባለው ግቢ አውጥቶ አስነሳልን። ከታች ሲሆን ድምፁ የለም፣ ጋዝ ሲሰጡት ደግሞ ጅራቱ እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል። አራት ሲሊንደር እንዲህ ነው፤ ጉልበቱን የሚያወጣው ጩኸቱ ጆሮ ከደፈነ በኋላ ነው፤ ከተማ ውስጥ እዚያ ሳይደርስ ቀይ መብራት ይይዝሃል። ሚስማር አየችኝ፣ አየኋት።

"ውይ ሲያምር!" አለች።

"ግሩም ነው" አልኩ። "የሠሩት እጃቸው ይባረክ።"

ሻጩ በደስታ ቢሮ ሮጦ የውል ወረቀት ይዞ ሲመለስ እኛ አረንጓዴውን ጥለነው ሄደናል። ግራ ገብቶት ወረቀቱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ሁለተኛው ግራጫ ነው። ጥግ ላይ፣ መብራት የማይደርስበት ቦታ ቆሞ ነበር፤ ማብለጭለጭ ስለማያውቅ መሆን አለበት። ሁለት ትልልቅ ሲሊንደር፣ ወፍራም ማርሚታ፣ ከአረንጓዴው ክብደቱ ቀለል ያለ፣ ወንበሩም ዝቅ ያለ። ጭሱ ከማርሚታው ሲወጣ ድምፁ በደረት ነው የሚሰማው። ጋዝ ገና ነካ ሲያደርጉት ጉልበቱ ከታች ጀምሮ እዚያው አለ፤ ከመብራት ሲነሱ የሚፈለገው ጉልበት እሱ ነው። ልቤ ከጀለው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ። "ወፍጮ ቤት ፈርሶ ነው እንዴ ሞተሩን ያመጣችሁት?"

ሻጩ ደነገጠ። "አባባ፣ ይሄ እኮ ከሁሉም የተመረጠ..."

"የመረጠው ሰው ዓይን የለውም። መንቀጥቀጡን አየኸው? በዚህ የሄደ ሰው ሰው ሠራሽ ጥርሱን መንገድ ላይ ነው የሚለቅመው። ግራጫ ቀለም ደግሞ የምን? ሊቀቡት ሲሉ ገንዘብ አለቀባቸው?"

"እውነት ነው፣ አስቀያሚ ነው" አለች ሚስማር። ግን ድምፅዋ ውስጥ ነፍስ አልነበረም። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ደስታዬ አላስቻለኝም።

ወጣሁበት። ሁለት እግሬ መሬት ነካ። ቀኝ እጄ ጋዙን ያዘ፣ የፊት ፍሬኑ ለሁለት ጣት ይበቃል። የቀረው ግራው ነው። ሻጩ ክላች ይለዋል፤ እኔ ፍሪሲዮን እያልኩ ነው ያረጀሁት። የግራ እጅ ፍሪሲዮን ካልጨበጠ ማርሽ አይገባም፣ ማርሽ ካልገባ ደግሞ ሞተር የተወደደ ወንበር ነው።

ጨበጥኩት። ግማሽ መጣና ቆመ። ትከሻዬን ጨምሬ ሳብኩት፣ ጣቶቼ ነጡ፣ ክንዴ እስከ ብብቴ ተንቀጠቀጠ። ማንሻው አልመጣም። ቀስ ብዬ ለቀቅሁትና "ገመዱ ደርቋል" አልኩ።

"ገመድ እኮ የለውም አባባ" አለ የማይረባው ሻጭ። "በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። በጣም ልስልስ ነው፣ ሴቶች እንኳ..."

ሚስማር ባየችው አስተያየት አፉን ዘጋ። ከዚያ እጄን አየች። ብዙ አየችው። የቤንዚን ታንከሩን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "በጣም ቆንጆ ሞተር ነው" አለች።

ፈረደችበት። በእኔም ላይ አብራ ፈረደች። ከሞተሩ ስወርድ ክርኔን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ አየሁና ፈጥኜ ወረድኩ።

"ወደ ቤት እንሂድ" አልኳት።

"ሦስተኛው ቀርቷል።"

"አይቻለሁ ከሩቅ። በቃ።"

"አባዬ፣ ሦስተኛውን ሳታይ አትሄድም።" ሚስማር እንዲህ ካለች አለች ነው።

ሦስተኛው ሰማያዊ ነው፤ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ሦስት ሲሊንደር፣ ቀላል፣ ልክ ልኩን የተሠራ። ገና ሳየው አንድ ነገር ጎደለኝ። ግራ እጀታው ላይ የሚጨበጥ ማንሻ የለም። ባዶ ነው።

"ፍሪሲዮኑን ምን በላው?" አልኩ። "ተሰብሮ ነው?"

ሻጩ ነፍስ ዘራ። "የዚህ ተአምሩ እሱ ነው አባባ! ክላቹን ራሱ ነው የሚይዝልዎት። ማርሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው፣ ካልፈለጉም ራሱ ይቀይራል። ግራ እጅ ቁልፍ ነካ ከማድረግ በስተቀር ሥራ የለውም።"

ሞተር በአውራ ጣት! ቁልፍ ከተጫኑትማ ሊፍትም ይሄዳል። ይሄን የፈለሰፈው ሰው ፍሪሲዮን ሲለቁ ሞተሩ መሬቱን ነክሶ የሚይዝባትን ቅጽበት አያውቃትም፤ ሞተር መንዳት ማለት ደግሞ እሷ ናት፣ ሌላው ነዳጅ ማቃጠል ነው። ልተፋበት ምንም አልቀረኝም። ግን ሚስማር ቀደመችኝ።

"ወይ የኔ ጉድ!" አለች፤ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። "ይሄን ደግሞ ከየት ቆሻሻ መጣያ አነሳችሁት? ቀለሙን እዩልኝ፣ የጤና ጣቢያ ሽንት ቤት በር! ፊቱስ? ጥፊ የቀመሰ ነው የሚመስለው። ወንበሩ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው፣ ድመት? ይሄን የሚገዛ ሰው ካለ በነፃ ከፎቅ እወረውርለታለሁ!"

ሰዎች ዘወር አሉ። ሻጩ ክራባቱን መነካካት ጀመረ። እሷ አላቆመችም። ጎማውን በጫማዋ ጫፍ መታ መታ አደረገች፣ መብራቱን ሰደበች፣ መስታወቱን ሰደበች፣ የሠሩትን ሰዎች ከነአሠሪዎቻቸው ሰደበች። እናቷ ሐር ጨርቅ ላይ እንኳ እንዲህ ሆና አታውቅም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ልጄን በደንቧ ሰማኋት። ከዚያ ሳቄን ተውኩት። ሚስማር እንዲህ የሰደበችው ነገር በሕይወቷ የለም። እንዲህ የፈለገችው ነገር የለም ማለት ነው። ለምን? ስትሰድበው እጇ የት እንዳለ አየሁ። ባዶውን ግራ እጀታ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች።

"ሚስማር" አልኳት። "የሞተር መንጃ ፈቃድ አለሽ?"

የሞተሩን መስታወት ማስተካከል ጀመረች።

"አለሽ ወይ?"

"አወጣለሁ።"

"መቼ?"

"እኔ መንጠልጠል እንጂ መሮጥ አልወድም፤ ታውቃለህ" አለች መሬት መሬት እያየች።

አውቃለሁ። ልጅ ሆና ከኋላዬ ሳስቀምጣት ዓይኗን ጨፍና እስክንደርስ ትጮህ ነበር። ራሴ ሞተር እንዲህ ባልከጅል ኖሮ ቤት መጥታ በነገረችኝ ዕለት ይገባኝ ነበር። አረንጓዴውም ግራጫውም ለአጀብ ነው የመጡት። እኔን እንደ ዓይነ ስውር በክርኔ ይዛ ወደዚህ ነው ስትመራኝ የዋለችው፣ እጅ ለሌለው ሰው ወደተሠራ ሞተር።

ደሜ ፈላ። አርባ ጊዜ ወድቄ አርባ ጊዜ የተነሳሁ ሞተረኛ ነኝ፤ በአውራ ጣት አልነዳም። ኳሴን እየጨመቅሁ እቤቴ እቀመጣለሁ እንጂ ይሄ ነገር ላይ ሰው አያየኝም። ፈገግ አልኩ። ሰማያዊውን ታንከር ዳበስ አደረግሁና፣

"ውይ ሲያምር!" አልኩ።

"እኔ ምን አልኩ አባባ!" አለ ሻጩ፣ ፊቱ በርቶ።

የልጄ ፊት ግን ጠቆረ። "አባዬ፣ ስደበው" አለች።

"ምን ወጣለት ብዬ? ድንቅ ነው።"

"አባዬ፣ እባክህ።"

"እንከን የለውም። የሠሩት ይባረኩ።"

ሚስማር ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደ እኔ ቀረበችና እንደዚያች እንደ ኳስ ሰጪዬ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ድምፅዋ ቅቤ ነበር።

"አንተም በጣም ጥሩ አባት ነህ" አለችኝ። "ጎበዝ ነህ። ምንም ነገር አስቸግረኸን አታውቅም። ና፣ ቀስ እያልክ፣ ምንጣፉ እንዳያደናቅፍህ።"

"እውነት ነው፣ መልካም አባት ናቸው" አለ ሻጩ፤ ሳይጠሩት።

ክርኔን ያዘች፣ ተመራሁላት። ባለቤቴ ብትለኝ፣ ባለሙያዋ ብትለኝ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰልፎ ቢያመሰግነኝ እችለዋለሁ። ልጄ ግን አውቃ ነው ያለችው፣ ምን እንዳለችም ታውቃለች። በሩ ጋ ስንደርስ ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ የለም። ኩርፊያ ፈለግሁ፤ የለም። ያን ጨዋ ልጅ በር ድረስ የሸኘነው በዚህ ፊት ነው። ከዚህ በር ከወጣሁ ጨዋ ሽማግሌ ሆኜ ነው የምወጣው፤ እስከ ዕለተ ሞቴ የሚቆጣኝ የለም።

ክርኔን አስለቀቅኋትና ተመልሼ ሰማያዊው ሞተር ፊት ቆምኩ። ስድብ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ሌላ ጊዜ የምወደውን ነበር የምሰድበው፣ ይሄን ግን ከልቤ እጠላው ነበር፤ ስለዚህ አፌ እንዴት እንደሚከፈት ጠፋኝ።

"አንተ..." አልኩት፤ ድምፄ ተሰበረ። "አንተ ቆርቆሮ! አንተ የሰነፍ መጫወቻ! ፍሪሲዮን የሌለህ፣ አንጀት የሌለህ! ማን ነው ሞተር ነህ ያለህ? ሊፍት ነህ! ተሽከርካሪ ወንበር ነህ! የሰው እጅ የናቅህ፣ የማትረባ፣ የማትረባ..."

ሻጩ "አባባ፣ አሁን እኮ ያምራል ሲሉ..." ብሎ ጀመረ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። አላፈርኩም፤ ስድቡ አልቆብኝ "የማትረባ" የምትለዋን ብቻ እየደጋገምኩ ነበር። ሚስማር ከኋላዬ መጣች። በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ወገቧን ያዘች።

"ምን ይገትርሃል ታዲያ?" ብላ ጮኸችብኝ። "ወደ ግቢ አውጣውና ውጣበት፣ አንተ የማትረባ ደረቅ ሽማግሌ! ደግሞ ብትጥለው አንገትህን ነው የምቆርጠው!"

ሻጩን ቶሎ በል፣ ሄልሜት አምጣ ብዬ አንባረቅሁበት። ፊቴን የምከትበት ሌላ ነገር አልነበረኝም።